ለደቡቡ ሰማይ ጀማሪ፦ ክብ ካርታ ወይስ የስልክ አፕ?

ሜልቦርን ተቀምጦ ከዋክብትን መለየት ለሚጀምር ሰው ሁለት ርካሽ አማራጮች አሉ፦ የሚሽከረከር ክብ የኮከብ ካርታና እንደ ስቴላሪየም ያለ የስልክ አፕ።

አፑ ፈጣን ነው። ስልኩን ወደ ሰማይ ስትደግነው ስሙን ይነግርሃል። ፕላኔቶችንም ያሳያል፤ እነሱ ቦታ ስለሚቀያይሩ ካርታው ላይ አይታተሙም። ችግሩ ብርሃኑ ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በመሃል አንድ የቴሌግራም መልእክት ቦግ ካለ ልፋትህ ገደል ገባ። ስለዚህ ስክሪኑን ወደ ቀይ መቀየር ግድ ነው።

ካርታው ላይ ቀኑን ከሰዓቱ ጋር ታገጣጥማለህ፤ መስኮቱ ውስጥ የቀረው በዚያ ሰዓት የሚታየው ሰማይ ነው። ስትገዛ ኬክሮሱን እይ። ለ35 ዲግሪ ደቡብ የተሠራው 38 ዲግሪ ገደማ ላይ ላለችው ሜልቦርን ይበቃል። ለለንደን የተሠራው ግን የደቡብ መስቀል የሚባለውን፣ መስቀል የሚመስለውን የከዋክብት ስብስብ እንኳ አያሳይህም። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ደግሞ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ አንድ ሰዓት መቀነስ አትርሳ።

እኔን ከጠየቅከኝ መጀመሪያ ካርታው። ደቡብ ላይ እንደ ሰሜኑ ደማቅ የዋልታ ኮከብ የለም፤ አቅጣጫ የሚገኘው በመስቀሉ ነው። ረጅሙን ዘንግ ከእግሩ በኩል አራት ተኩል ጊዜ ያህል አርዝመው፤ የሰማዩ ደቡብ ዋልታ እዚያ ጋ ነው። ከዚያ ቀጥ ብለህ ወደ መሬት ስትወርድ ደቡብን አገኘህ። ካርታውን ስታሽከረክር ሰማዩ ሁሉ በዚያች ነጥብ ዙሪያ ሲዞር ታያለህ። አፕ ስም ይነግርሃል እንጂ ይህን እጅህ ላይ አያስቀምጥልህም።

ብቻ እሱን የሚመስል ሌላ የከዋክብት ስብስብ፣ ሐሰተኛው መስቀል የሚሉት፣ እንዳይሸውድህ! አልፋና ቤታ ሴንታውሪ የሚባሉት ሁለት ደማቅ ጠቋሚዎች ያሉት ከእውነተኛው አጠገብ ነው።