የጌም ፕሮግራሚንግና የአኒሜሽን ዲግሪ፦ ተምሬ ከጨረስኩት ትምህርት ምን አገኘሁ?

የጌም ፕሮግራሚንግ ዲግሪዬን ከያዝኩ ወዲህ በተደጋጋሚ የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ በነፃ እያለ ኮሌጅ ለምን?» ተገቢ ጥያቄ ነው። የአኒሜሽን መሥሪያው የብሌንደር ኮድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የጌም መሥሪያው የጎዶትም ከ2014 ወዲህ እንዲሁ። ስለዚህ ኮሌጁን የምመዝነው ሶፍትዌር አስተምሮኛል አላስተማረኝም ብዬ አይደለም። ለብቻዬ ብሆን የምሸሸውን ነገር ፊት ለፊት እንድጋፈጥ አድርጎኛል ወይ ብዬ ነው። አድርጎኛል። ሁሉም ኮርስ ግን እኩል አልነበረም።

የመጀመሪያው ዓመት ጌም ልሠራ ብሎ የመጣን ተማሪ ያስደነግጣል። ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፊዚክስ፣ ከዚያ እንደገና ሲ ፕላስ ፕላስ። በእኛ ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ተሠርቶ ያለቀ ኢንጂን፣ ማለትም የጌሙን መሠረታዊ ሥራ የሚሠራ ዝግጁ ሶፍትዌር፣ መጠቀም ክልክል ነበር። መስኮቱን የሚከፍተውን፣ ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን፣ ኪቦርዱን የሚያነበውን ኮድ ተማሪው ራሱ ይጽፋል። ከክፍላችን ልጆች ጥቂት የማይባሉት እዚህ ላይ ትተው ሄዱ። እኔ ግን ከጠቅላላው ትምህርት አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው።

ምክንያቱን በአንድ የቤት ሥራ ላስረዳ። ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዲሄድ ከተፈለገ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የተጫዋቹን ትእዛዝ መቀበል፣ ፊዚክሱን ማስላት፣ ጠላቶቹ ምን እንደሚያደርጉ መወሰን፣ ከዚያም መሳል፣ ሁሉም በዚያች ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት። 1,000 ኳሶች እርስ በርስ ሲጋጩ የሚያሳይ ፕሮግራም እንድንጽፍ ታዘዝን። እያንዳንዱን ኳስ ከሌላው ሁሉ ጋር ካመሳከርነው በየፍሬሙ 499,500 ጥንድ ይመጣል፤ ምስሉ እየተቆራረጠ መንፏቀቅ ጀመረ። መምህራችን መልሱን አልነገሩንም። የኮዱ ክፍሎች የሚወስዱትን ጊዜ የሚለካውን ፕሮፋይለር ከፍተው ጊዜው የት እንደሚያልቅ አሳዩንና ወጡ። ቦታውን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ኳሱን ከአጠገቡ ካሉት ጋር ብቻ ማመሳከር እንደሚበቃ ራሳችን ስንደርስበት፣ ያው ኮምፒውተር ያንኑ ሥራ ያለ ችግር ተወጣው። ቪዲዮ አይቼ ቢሆን ኖሮ መልሱን ወዲያው አገኘው ነበር፤ መጀመሪያ የመለካት ልማዱን ግን አላገኝም። ዛሬም ጌም ሲንቀራፈፍብኝ ሳልለካ አንድ መስመር ኮድ አልነካም።

የሒሳብ መምህራችን ደግሞ አንዱ ባንዱ ውስጥ የተሰኩ ሦስት የካርቶን ቀለበቶች ይዘው ገቡ። መካከለኛውን 90 ዲግሪ ሲያዞሩት የውጪውና የውስጠኛው ዘንግ አንድ ላይ ገጠሙ፤ ከዚያ በኋላ የትኛውንም ብታዞር ውጤቱ ያው ነው፣ አንዱ አቅጣጫ ጠፍቷል። ጊምባል ሎክ የሚባለው ይህ ነው። የገጸ ባህሪ ክንድ በእንቅስቃሴ መሀል ሳይታሰብ ከሚጣመምባቸው ምክንያቶች አንዱም እሱ ነው። ከዚህ ለማምለጥ የሚረዳውን፣ የሒሳብ ሊቁ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1843 ያገኘውን ኳተርኒየን የተባለ ባለ አራት ክፍል ቁጥር፣ ኬን ሹሜክ በ1985 ለአኒሜሽን እንዴት እንደሚውል አሳየ። ቀለበቶቹን ካየን በኋላ ያንን ሒሳብ ማንም ለምን እንማራለን ብሎ አልጠየቀም።

የአኒሜሽን ተማሪዎቹ መንገድ ሌላ ነው። እነሱም ኮምፒውተሩ ጋ ቶሎ አይደርሱም፦ የሰው አካል መሳል፣ የምትነጥር ኳስ፣ የክብደት ለውጥ፣ የእግር አረማመድ፣ ሁሉም በእርሳስ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚሄድና አንዱ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፍሬም ስለሚቆይ፣ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይስላሉ። እኛም ከእነሱ ጋር አንድ የሥዕል ኮርስ እንወስድ ነበር። ፕሮግራመሮቹ ሲያጉረመርሙበት፣ እኔ ግን ቢጨመርልን እያልኩ ነው የጨረስኩት።

ዲግሪው ዋጋውን የሚያስገኘው ግን ሁለቱ ክፍሎች ተቀላቅለው በሚሠሩት የዓመቱ ፕሮጀክት ላይ ነው። የእኛ ቡድን አኒሜተር ለገጸ ባህሪያችን ዝላይ ግሩም ነገር ሠራች፦ ከመነሣቱ በፊት ጉልበቱን አጥፎ ኃይል ያጠራቅማል፣ 8 ፍሬም። ብቻውን ሲታይ ነፍስ ያለው ነው። ጌሙ ውስጥ ስናስገባው ግን፣ እሷ በሰከንድ 24 አድርጋ የሣለችው 8 ፍሬም የሰከንድ ሲሶ ነው፤ የሞከረው ሁሉ «ቁልፉ አይሰማም» አለ። እኔ ይቆረጥ አልኩ፣ እሷ ክብደቱ ይጠፋል አለች። ሁለታችንም ልክ ነበርን። በመጨረሻ ሰውነቱ ቁልፉ እንደተጫነ ይነሣል፤ ክብደቱን ወደ ማረፊያው አዛወረችው፣ እግሩ መሬት ሲነካ ጉልበቱ ጠልቆ ይታጠፋል። እኔ ደግሞ ተጫዋቹ ወዲያው መሮጥ ከፈለገ ያ እንቅስቃሴ በየትኛውም ፍሬም ላይ እንዲቋረጥ ኮዱን ጻፍኩ። ይህን ድርድር የሚያስተምር መጽሐፍም ቪዲዮም አላገኘሁም። ደግሞም ሁለቱ ሙያዎች ሲጀመር ጀምሮ የተሳሰሩ ናቸው፤ ኋላ ከፒክሳር መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤድ ካትሙል በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1972 የገዛ እጁን ቅርጽ በኮምፒውተር ሲያንቀሳቅስ፣ ሒሳቡም ሥዕሉም የእሱ ሥራ ነበር። የተማሪ ፕሮጀክት የት ሊያደርስ እንደሚችል ለሚጠይቅም፣ የጌም ኮሌጁ የዲጂፔን ተማሪዎች የሠሩትን ናርባኩላር ድሮፕ የተባለ ጌም አይቶ ቡድኑን የቀጠረው የጌም ድርጅቱ ቫልቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የቫልቭ ጌም ፖርታል ከዚያ ሐሳብ የተወለደ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የሶስተኛው ዓመት የሶፍትዌር ኮርሶች ደካማ ናቸው። የትኛው ሜኑ የት እንዳለ እያሳዩ ሴሚስተር ያልቃል፤ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ግማሹ ይቀየራል። ድምፅ እንደ ትርፍ ነገር ይታያል። ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲደርስ እንቅልፍ አጥቶ ማደር ጀግንነት ተደርጎ ይወደሳል። ይህ በጣም ያስከፋኛል፣ ምክንያቱም ተማሪው ልማዱን ይዞት ወደ ሥራ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ግን ሲመዘገቡ የሚፈረመው ውል ነው። በእኛ ኮሌጅ ተማሪው የሠራው ጌም ባለቤትነት የኮሌጁ ነበር። ያንን የዝላይ ጌም አሳምረን ለመሸጥ ብንፈልግም አልተቻለም።

ሊመዘገብ ላሰበ ሰው የምለው፣ የላቦራቶሪውን ውበት ትቶ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የሠሩትን ጌም ተቀምጦ ይጫወት፤ አኒሜተሮቹና ፕሮግራመሮቹ በእውነት አብረው እንደሠሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያስታውቃል። ዲግሪው በኮምፒውተር ሳይንስ ስም የሚሰጥ ከሆነ ያንን ይምረጥ፦ እ.ኤ.አ. በ2023ና በ2024 የጌም ድርጅቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ሲያሰናብቱ፣ ሲ ፕላስ ፕላሱንና ሒሳቡን በደንብ የያዙ ጓደኞቼ ወደ ሲሙሌሽንና ወደ ሕክምና ምስል ሥራ ተሻግረዋል። ውሉን ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ቤቱ ወስዶ ያንብበው፤ የባለቤትነቱ አንቀጽ እኛ በፈረምነው ላይ ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ነበር።