«ሁሉም ይናበባል» ብለው ለሚያስፈርሟችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሳሎኔ መሃል ላይ ድንበር አለ። ማንም አላሰመረውም፤ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ በበረንዳው በር ስትገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከበሩ እስከ ሶፋው ያለው ሴራሚክ ቡላ የሚመስል፣ ሞቅ ያለ ግራጫ ነው። ከሶፋው እስከ ኮሪደሩ ያለው ደግሞ ዳለቻ፣ ደረቅ ሲሚንቶ የመሰለ። በአንድ ስም፣ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ቀን የተገዛ ዕቃ ነው። እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ገና በሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች «አልቆብሽ ነው ልጄ?» አለችኝ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ስሙን ብጠራው ነገ በሌላ ስም ይከፍታል፤ ደግሞም አሠራሩ የአንድ ሱቅ ብቻ አይመስለኝም። ስለዚህ አሠራሩን ልንገራችሁ።

ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየሜን ለማደስ ተክለሃይማኖትንና መርካቶን ስዞር ከረምኩ። ሴራሚክ አንድ ቦታ፣ ቀለም ሌላ ቦታ፣ ካቢኔት ሌላ ቦታ፤ ናሙና በቦርሳዬ ይዤ ታክሲ ለታክሲ። በዚህ መሃል ነው «ሙሉ ፓኬጅ፣ የቀለም ማማከር በነጻ» የሚል ሱቅ ያገኘሁት። የሳሎን ሴራሚክ፣ የግድግዳ ቀለም፣ የኪችን ካቢኔት፣ እጀታና ቧንቧ፣ ከነሠራተኛው 480 ሺህ ብር። 70 በመቶ ቀብድ። ልጁ ትሑት ነው፣ ቡናም አፍልተው ጠበቁኝ። «እህቴ፣ አንቺ ስለ ቀለም አትጨነቂ፣ ሁሉም ይናበባል» አለኝና በታብሌት የተሠራ የስሪ-ዲ ምስል አሳየኝ። ሳሎኑ መጽሔት ላይ የወጣ ይመስላል። እኔም ፈረምኩ።

ውሉ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነበር፦ «ግራጫ ሴራሚክ 60 በ60፣ ተስማሚ የግድግዳ ቀለም፣ ዘመናዊ ካቢኔት፣ ወይም ተመሳሳይ»። ያኔ አንብቤዋለሁ፣ ግን አላየሁትም። ግራጫ የትኛው ግራጫ? አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አንዱ ወደ ቡና፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ። ለብቻቸው ሲታዩ ሁሉም ግራጫ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው የሚጣሉት። «ተስማሚ» ማለትስ ማን እንዲስማማው? «ወይም ተመሳሳይ» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትላቸዋለች። ምስሉን ይዤ ስሄድ «እሱ ምስል ነው እንጂ ውል አይደለም» ተባልኩ። እውነታቸውን ነው።

የሴራሚኩን ነገር ያስረዱኝ ጎረቤቴ ቤት የሚሠሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ሥራው ሲሠራ እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ አንጣፊው ደግሞ የሱቁ ሰው ነው። ማታ ስደርስ ወለሉ አልቋል፣ በሴራሚኮቹ መሃል ያለው ክፍተት፣ ፉጋው ሳይቀር ተሞልቷል። ጋሼ ደረጃው ላይ የተጣሉትን ካርቶኖች አንስተው ሲሚንቶውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉልኝ። ጎኑ ላይ ከዕቃው ስም ዝቅ ብሎ በትናንሽ ፊደል የታተመ ኮድ አለ፤ «ሼድ» ወይም «ቶን» ይባላል። ፋብሪካ አንድን ሴራሚክ በየጊዜው ሲያመርት ቀለሙ ትንሽ ስለሚለያይ እያንዳንዱን ምርት በዚህ ኮድ ይለየዋል። ከ14ቱ ካርቶን 9ኙ አንድ ኮድ፣ 5ቱ ሌላ ኮድ ነበራቸው። አጠገቡ «ካሊበር» የሚል የልክ ቁጥርም አለ፤ እሱ ከተለያየ ፉጋው አንዱ ጋ ቀጭን፣ ሌላው ጋ ሰፊ ሆኖ ይቀራል። «ልጄ፣ ይሄ የሁለት ጊዜ ትራፊ ነው» አሉኝ። የነጻው ምክር ትርጉም ያኔ ገባኝ፤ የተመከርኩት መጋዘን ውስጥ የቀረውን ነው።

ሒሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። 60 በ60 የሆነ አንድ ሴራሚክ 0.36 ካሬ ይሸፍናል። ካርቶኑ ውስጥ 4 ካለ 1.44 ካሬ ነው። ለእኔ 18 ካሬ ሳሎን 13 ካርቶን ይበቃል፤ ለስባሪና ለቆረጣ ሲጨመርበት 14። ከግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚሄደውን ዞኮሎም ከዚያው የምታስቆርጡ ከሆነ ከዚህም በላይ። መጀመሪያ ስንት ካርቶን እንደሚያስፈልጋችሁ አስሉ፣ ቀጥሎ ያ ሁሉ በአንድ ሼድ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር እለፉት።

ግድግዳው ሌላ ጉድ ነው። «አንጸባራቂው ይታጠባል፣ ልጅ ላለበት ቤት ጥሩ ነው» አሉኝ። መታጠቡስ ይታጠባል። ያልነገሩኝ አንጸባራቂ ቀለም የግድግዳን ገመና ሁሉ አውጥቶ እንደሚያሰጣ ነው። የኮንዶሚኒየም ልስን እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ልስኑን ለማለስለስ የሚቀባው ስቱኮ በወጉ የብርጭቆ ወረቀት ሳይነካው አንጸባራቂ ተቀባበት፤ አሁን ከመስኮቱ ጎን ብርሃን ሲመጣ ግድግዳው የተጨማደደ ሸማ ይመስላል። ብርሃን የማያንጸባርቀው ማት ቀለም ቢሆን ግማሹን ይሸፍነው ነበር። አንጸባራቂው ለበርና ለመስኮት ፍሬም ነው፤ ለሰፊ ግድግዳ ከፈለጋችሁት ስቱኮው ላይ የሚወጣውን ድካምና ብር አስቀድማችሁ ተቀበሉ።

ቀለሙም ራሱ ሱቅ ውስጥ ያየሁት አልነበረም። መጀመሪያ የቀየሩብኝ መስሎኝ ተጣላሁ፤ ኋላ ግን ጥፋቱ በከፊል የአምፖል መሆኑን አወቅኩ። አምፖል ካርቶን ላይ በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር አለ፤ 3000 ገደማ ቢጫ ብርሃን ነው፣ 6500 ደግሞ እኛ «ዴይላይት» የምንለው፣ ወደ ሰማያዊ የሚሄደው ነጭ። ሱቁ በቢጫ ስፖት ላይት የደመቀ ነው፣ የእኔ ቤት በ6500። ሱቅ ውስጥ ሞቅ ያለ አመድማ የነበረው ቀለም ቤቴ ሲገባ የክሊኒክ ኮሪደር ሆነ። ናሙናውን ቢያንስ ከሱቁ ደጃፍ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ከተቻለም አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ገዝታችሁ ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ሁለት እጅ ቅቡና ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ መብራት አብርታችሁ ተመልከቱት። እርጥቡን አትመኑት፤ የውሃ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ሲደርቅ ይጠቁራል። የስልክ ፎቶ ደግሞ ጭራሽ አትመኑ።

እጀታው ወርቃማ፣ ቧንቧው ክሮም፣ የበሩ ቁልፍ ጥቁር ሆኖ መጣ። ይሄ በኋላም የሚቀየር ነገር ስለሆነ አላለቅስበትም።

አሁን ወደራሴ ጥፋት። «ያለ ቫት ላድርግልሽ» ሲሉኝ 15 ፐርሰንቱን ማትረፌ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የተሰጠኝ «የፊኒሺንግ ዕቃ» የሚል የእጅ ወረቀት ነው። የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘብ እንዲመለስ ለመጠየቅ ይፈቅዳል። ግን ምን ይዤ ልሂድ? ወረቀቱ ላይ የዕቃው ስምም፣ ኮድም፣ ብዛትም የለ። ሴራሚኩም ተነጥፎ አልቋል።

ስለዚህ ፓኬጅ የምትፈርሙ ከሆነ ውሉ ላይ የሴራሚኩ ስምና ሼድ፣ የቀለሙ ቁጥርና ማት ይሁን አንጸባራቂ፣ የካቢኔቱ ፊት ናሙና ከጀርባው በሁለታችሁ ተፈርሞበት ይኑር። «ወይም ተመሳሳይ» የሚለውን አሰርዙ። ቀብዱን ዝቅ አድርጉ፤ እኔን እስካሁን የሚሰሙኝ ያልከፈልኩት 30 በመቶ በእጄ ስላለ ብቻ ነው። 5ቱን ካርቶን አንስተው በመጀመሪያው ሼድ ሊተኩልኝ ቃል ገብተዋል፤ ያንን ሼድ ግን እስካሁን አላገኙትም፣ ለዚህ ነው ድንበሩ አሁንም ያለው።

ከፈረማችሁ ወዲያ ይህን ያነበባችሁና ዕቃው ቤታችሁ ደርሶ ገና ያልተነጠፈ ካላችሁ፣ አንጣፊው ሳይመጣ ዛሬ ማታ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ የእያንዳንዱን ካርቶን ጎን አንብቡ።