አፍ ለሚፈታ ልጅ አፍሪካን ስቶሪቡክ ይሆናል ወይ?

ለሁለት ዓመት ልጅ የአማርኛ መጽሐፍ ልግዛ ብሎ መጽሐፍ መደብር የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው ፊደል ማስቆጠሪያ ነው። «ሀ ሁ» ጥሩ ነገር ነው፤ ጊዜው ግን ገና ነው። አፉን እየፈታ ላለ ልጅ የሚያስፈልገው ሥዕል፣ አጭር ዓረፍተ ነገርና አጠገቡ ተቀምጦ የሚያወራው ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በነፃ ከሚሰጡት አንዱ አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽ ነው። ሦስተኛውን አይሰጥም፤ ስለዚህ የሚበዛው የዚህ ግምገማ ክፍል ስለ እሱ ነው።

ድረ ገጹን በ2014 እ.ኤ.አ. የከፈተው ጆሃንስበርግ ያለው ሳይድ የተባለ የትምህርት ተቋም ነው። አሁን ከ200 በላይ በሚሆኑ ቋንቋዎች መጻሕፍት አሉት፤ አማርኛም ከነዚያ ውስጥ ነው። መጻሕፍቱ የወጡት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለሆነ ማውረድ፣ ማተም፣ መተርጎም፣ ጽሑፉንም መቀየር ይቻላል፤ የደራሲው፣ የሠዓሊውና የተርጓሚው ስም አብሮ ይኑር ነው የሚባለው። አንዳንዶቹን ለንግድ ማዋል አይፈቀድም፤ አባዝቼ ልሽጥ የሚል ፎቶኮፒ ቤት መጀመሪያ የኋላ ሽፋኑን ያንብብ። ለስልክ የተሠራው አፕ ደግሞ መጽሐፉን አንዴ በዋይፋይ አውርዶ ያለ ዳታ ለመክፈት ያስችላል።

መጻሕፍቱ በአምስት ደረጃ ተከፍለዋል፦ የመጀመሪያ ቃላት፣ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች፣ የመጀመሪያ አንቀጾች፣ ረዘም ያሉ አንቀጾችና ጮክ ተብለው የሚነበቡ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደረጃው የወጣው ራሱ ማንበብ ለሚማር ልጅ ነው፤ መናገር ለሚማረው አይደለም። አንደኛው ደረጃ የሕፃን መጽሐፍ ማለት ሳይሆን በየገጹ ጥቂት ቃል ብቻ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ከደረጃው ይልቅ ሥዕሉን ተመልከቱ። ሦስት ገጽ ግለጡና በየገጹ አንድ ሰው ወይም አንድ እንስሳ የሆነ ነገር ሲያደርግ ይታይ እንደሆነ እዩ። የሚሮጥ፣ የሚያጥብ፣ የሚደበቅ ካለ መጽሐፉ ይሆናል። ዕቃ ብቻ የተደረደረበት መጽሐፍ ስም ያስቆጥራል እንጂ ወሬ አያወጣም፤ ሁለት ቀን ካነበቡት በኋላ ያልቃል። እስከ ሦስት ዓመት ከአንደኛውና ከሁለተኛው ደረጃ መምረጥ፣ ከአራት ዓመት ወዲያ ደግሞ ወደ ጮክ ብሎ ማንበቢያው መሻገር ይቻላል። መካከለኞቹን ደረጃዎች ለትምህርት ቤት ተዉአቸው።

ሥዕሎቹ አብዛኛዎቹ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ኑሮ የሚታይባቸው ናቸው። እንጀራ የለም፤ ገንፎ የሚመስል ነገር አለ። ይህ ጉድለት መስሎ ይታያል እንጂ ለጨዋታ ይጠቅማል፤ «እኛ ቤት ምንድን ነው የምንበላው?» ለማለት ያመቻል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። መጽሐፉ ስልክ ላይ ስላለ በስልክ ማንበብ የሚቀል ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ለሁለት ዓመት ልጅም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሐኪሞች 37 ወላጆችን ከታናናሽ ልጆቻቸው ጋር አስቀምጠው የወረቀትና የታብሌት መጽሐፍ አስነብበዋቸው ነበር። በታብሌት ሲነበብ ወላጅም ልጅም ስለ ታሪኩ የሚያወሩት ቀነሰ፤ ወሬው «አትንካ»፣ «እኔ ልግለጠው» ሆነ። ስልክ ደግሞ ከታብሌት ያነሰ ነው፤ ሥዕሉ ይጠባል፣ መሐሉ ላይ መልእክት ይገባል፣ ልጁም ዩቲዩብ የት እንዳለ ያውቃል። እንግዲህ አገልግሎቱ የሚጠቅመው ሲታተም ነው።

አታሚው ላይ በብዛት የሚበላሸው አንድ ነገር ነው። ፒዲኤፉ እንዳለ በኤ4 ከታተመ ለትንሽ እጅ ይከብዳል፤ የተሻለው በቡክሌት መልክ፣ ማለትም ወረቀቱ መሐል ለመሐል ታጥፎ ትንሽ መጽሐፍ እንዲሆን አድርጎ ማተም ነው። አዶቤ ሪደር ላይ የኅትመት መስኮቱን ከፍቶ ቡክሌት የሚለውን መምረጥና በሁለቱም ገጽ ማዘዝ ነው። ማሽኑ ወረቀቱን በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለብጥ ይታዘዝ፤ በረጅሙ ከገለበጠ የጀርባው ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ቡክሌት በአራት በአራት ገጽ ስለሚሄድ 12 ገጽ ሦስት ወረቀት ይፈጃል፤ 10 ገጽ ቢሆንም ያው ሦስት ነው፣ ሁለት ገጽ ባዶ ይቀራል። ባዶውን አትጣሉት፤ ልጁ ይጫጭርበት።

የተለመደው 80 ግራም ወረቀት የጀርባውን ሥዕል ያሳያል፣ በሁለት ቀንም ይቀደዳል። ከ120 እስከ 160 ግራም ያለውን ጠይቁ። ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ላለ ልጅ ግን ወፍራም ወረቀትም አይበቃም፤ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ለእሱ አምስት ስድስት ሥዕል ብቻ መርጦ በነጠላ ገጽ ማተም፣ ካርቶን ላይ መለጠፍ፣ በሰፊ ግልጽ ፕላስተር ዙሪያውን መሸፈን፣ ማዕዘኑንም በመቀስ ማክበብ ያስፈልጋል። ስቴፕለር አይመከርም፤ ሽቦው ሲላላ ወደ አፍ ይገባል። እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ በስቶ በወፍራም ክር መስፋት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ጽሑፉን አሻሽዬ ላትመው ለሚል ደግሞ፣ ፊደሉ በካሬ ሳጥን ተተክቶ ከወጣ ጉድለቱ የኮምፒውተሩ ነው። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ የተባለው የአማርኛ ፎንት ቢጫን ይስተካከላል።

ማሻሻል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአገልግሎቱ ደካማ ጎን አማርኛው ነው። ማንም ሰው ገብቶ መተርጎም ስለሚችል ጥራቱ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፤ በአዘጋጆቹ የታየው የማረጋገጫ ምልክት አለው፣ ከእሱ መጀመር ይሻላል። ከእንግሊዝኛ በፍጥነት የተመለሰ ጽሑፍ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው በየዓረፍተ ነገሩ «እሷ… እሷ… እሷ…» ማለቱ ነው፤ አማርኛ ግን «ሄደች» ካለ ማን እንደሄደች ግሱ ራሱ ተናግሯል። ሌላው «በጣም ደስተኛ ነበረች» ዓይነት አነጋገር ነው፤ ሰው «ደስ አላት» ነው የሚለው። ልጅ የሰማውን ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ የታተመው ላይ በእርሳስ ሰርዞ በላዩ መጻፍ ነው፣ ፈቃዱም ይህን ይፈቅዳል። አያት ሲመጡ «መጣች» ወይስ «መጡ» የሚለውንም እንደ ቤታችሁ ልማድ አስተካክሉት። «ነገር ግን» እና «በዚህ ጊዜ» የመሳሰሉትን ግን አትንኳቸው። ወጥ ቤት ውስጥ የማይሰማ የመጽሐፍ ቃል ልጁ የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ከማንበባችሁ በፊት አንድ ጊዜ ለብቻችሁ እለፉበት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «አንበሳው ዛፍ ሥር አለ» ሲል ይጠብቃል፣ «እሺ አለ» ሲል ይላላል። «ገና»ም እንዲሁ ነው። ሳይዘጋጅ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ይደናቀፍና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ልጁ ያኔ ተነስቶ ይሄዳል።

ንባቡ ራሱ እንዴት ይሁን ለሚለው ጥሩው መሠረት ስቶኒ ብሩክ ኒው ዮርክ ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሙከራ ነው። ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 35 ወር የሆኑ ልጆች ነበሩ። ሁለቱም ቡድን ቤቱ ለአንድ ወር ያህል አነበበ፤ የሚለያዩት አንደኛው ቡድን እናቶቹ እየጠየቁ፣ የልጁን መልስ እያስፋፉ እንዲያነቡ መሠልጠናቸው ብቻ ነበር። ወሩ ሲያልቅ የነዚህ እናቶች ልጆች በመናገር ፈተና ከሌሎቹ ከ6 እስከ 8 ወር ተኩል ቀድመው ተገኙ። መጽሐፍ ሁለቱም ቤት ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ገጹ ላይ የነበረው ወሬ ነው።

ወሬው ይህን ይመስላል። ሥዕሉ ላይ አንዲት ልጅ ውሃ ትቀዳለች እንበል።

«ይቺ ማናት?»
«ልጅ።»
«አዎ፣ ልጅ ናት። ምን እያደረገች ነው?»
«ውሃ።»
«ውሃ እየቀዳች ነው። በጀሪካን እየቀዳች ነው። በጀሪካን በይ እስቲ።»
«በጄካን።»
«በጀሪካን፣ ጎበዝ!»

አራት ነገር ተደረገ፦ ተጠየቀ፣ መልሱ ተቀባይነት አገኘ፣ ሰፋ፣ ተደገመ። «አይደለም፣ እንደዚህ አይባልም» የሚል ቃል የለበትም፤ ትክክለኛው ቃል በእናትየው አፍ እንደገና ተሰማ፣ ታለፈ። ከጥያቄ በኋላ በልብ እስከ አምስት መቁጠር ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ ጥያቄውን ራሱ ይመልሰዋል፤ ልጁም ዝም ቢል የሚመልስለት እንዳለ ይለምዳል። ሌላው ጥፋት ንባቡን ፈተና ማድረግ ነው፤ «ይሄስ? ይሄስ?» በየገጹ። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ሦስት አስተያየት ቢኖር ይመጠናል፦ «ውይ፣ ውሃው ፈሰሰባት!»

አሁን ለአማርኛ ብቻ ወደሚሆነው እንሂድ። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ዓረፍተ ነገሩን ጀምራችሁ የመጨረሻውን ቃል ለልጁ ተዉለት ይላሉ። በእንግሊዝኛ የሚቀረው ቃል ብዙውን ጊዜ ስም ነው፤ በአማርኛ የሚቀረው ግስ ነው። «ድመቷ ከአልጋው ላይ…» ብላችሁ ዝም ስትሉ ልጁ የሚፈለግበት «ዘለለች» ነው። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ምን እንደተደረገ፣ ማን እንዳደረገችው፣ ሴት መሆኗና ነገሩ ያለፈ መሆኑ ሁሉ አለ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ «ዘለለ» ቢል አይገርምም፤ «አዎ፣ ዘለለች፣ ድመቷ ዘለለች» ብሎ መቀጠል ነው። ከከበደው «ዘ…» ብሎ መነሻውን መስጠት ይቻላል። ይህ የሚሠራው ታሪኩን ሲያውቀው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ አትሞክሩት፣ ከሦስተኛው ወዲያ ጀምሩ። አንዱን መጽሐፍ ሳምንቱን ሙሉ ማንበብ አዋቂን ያሰለቻል፤ ልጅ ግን ግሱን የሚነጥቀው በዚህ ነው።

ጊዜውን አታርዝሙት። ከአንድ ዓመት በታች ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሦስት ዓመት ላይ አሥር ደቂቃ ከሄደ ብዙ ነው። መጨረስም ግዴታ አይደለም፤ ልጁ ሁለተኛው ገጽ ላይ ፍየሏን አይቶ ስለ ፍየል ብቻ ካወራ ንባቡ ተነብቧል። አጀማመሩን ግን ከራሳችን እንዋስ፦ «ተረት ተረት» ስትሉ «የላም በረት» ማለትን ገና ሙሉ ዓረፍተ ነገር የማይናገር ልጅ እንኳ ይይዘዋል፤ ተራ መጠበቅንም ያስተምረዋል። ማንበብ የማትችል እናትም ከዚህ ሁሉ የሚቀርባት ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ሥዕሉ፣ ጥያቄውና ማስፋፋቱ የእሷም ናቸው።

ዓረብ አገር ሥራ ላይ ላለች እናት አገልግሎቱ ሌላ ጥቅም አለው። ያው ፒዲኤፍ ስልኳ ላይ ይኖራል፣ የታተመው ደግሞ አያት እጅ። እሷ በቪዲዮ ታነባለች፣ አያት ገጹን ይገልጣሉ፣ ልጁም የሚጠቁመው ወረቀቱን ነው። የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ላሉት ስክሪን ሲከለክል የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ፈቅዷል። ኔትወርኩ ድምፁን ስለሚያዘገየው እስከ አምስት የተባለውን እስከ ስምንት መቁጠር ይሻላል።

አማራጮቹስ? የሕንዱ ፕራታም ቡክስ በ2015 የከፈተው ስቶሪዊቨርም አማርኛ አለው፤ ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፣ ሳሪና ባጃጁ ግን ይበዛል። አሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተሙት ሬዲ ሴት ጎ መጻሕፍት አሉ፤ ታሪካቸው የኢትዮጵያ ነው፣ በአማዞን ይሸጣሉ፣ ማሳተም ለማይፈልግ ይቀላል። ሁለት ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ ሲኖር ግን በየዓረፍተ ነገሩ አትቀያይሩ፤ ዛሬ አማርኛውን ብቻ፣ ነገ ሌላውን።

ለነፃ አገልግሎት አፍሪካን ስቶሪቡክን ከአምስት አራት እንሰጠዋለን፤ አንዱን የቀነስነው በአማርኛው ምክንያት ነው። ፒዲኤፉን ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፤ መጀመሪያ የሚቀደደው ልጁ የሚወደው ገጽ ነው። ባለ 12 ገጹ ቡክሌት ላይ ገጽ 3 ከተቀደደ ሙሉውን እንደገና ማሳተም የለባችሁም፤ 3፣ 4፣ 9 እና 10 ያሉበትን መካከለኛውን ወረቀት ብቻ አውጥታችሁ ክሩን ፈትታችሁ ተኩት።