እናቴን በሰላም አስተኝቶ በሰላም ላነቃት ባለሙያ

ሰላም የጅማ ልጆች። እማዬ ደህና ሆና ቤት እስክትገባ ብዬ ነው እንጂ ይሄንን ምስጋና የዛሬ ሳምንት ነበር መጻፍ የነበረብኝ።

እማዬ እንቅርት ከያዛት ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። አጋሮ ስናድግ ሻሿን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነው የምናውቃት። ዘንድሮ ግን ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ማደር ጀመረች።

መጀመሪያ የሄድንበትን ቦታ ስም አልጠራም፣ አላህ ይይላቸው። ለቀዶ ጥገና ሁለቴ ቀጥረው ሁለቴም መለሱን። አንዱን ቀን ጠዋት ሻይ ቀምሳ መጣች ተብለን ተቆጥተው አስወጡን፤ ጾሟን ትደር ብሎ የነገረን ግን አንድም ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ውሃ እንኳ ሳትቀምስ እስከ 9 ሰዓት አስጠብቀው ግፊቷ ጨምሯል አሉን። ከሁሉ የማይረሳኝ አንዱ በር ላይ ቆሞ «በዚህ ዕድሜዋ ማደንዘዣ ከወሰደች ላትነቃ ትችላለች» ማለቱ ነው። እሷ እየሰማች! ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገና ሲባል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ለምነን ለማሳመን ወራት ፈጀብን።

በመጨረሻ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወሰድናት። ማደንዘዣ የሚሰጣት ልጅ አስቀድሞ ሊያያት መጣ። «ዶክተር» ስለው «ዶክተር አይደለሁም፣ አንስቴቲስት ነኝ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ። እናቴን ሐኪም ያልሆነ ሰው ሊያስተኛት ነው? ፊቴን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ ቅር ሳይለው አስረዳኝ። በአገራችን ማደንዘዣ የሚሰጡት አብዛኞቹ ይህንኑ ሙያ በዲግሪ የተማሩ አንስቴቲስቶች ናቸው፤ በማደንዘዣ ስፔሻላይዝ ያደረጉ ሐኪሞች ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ከበድ ያለ ነገር ሲገጥም ይጠራሉ። አሜሪካ ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅም ደውዬ ስጠይቃት እዚያም ከሐኪሞቹ ሌላ ለዚሁ ተጨማሪ የተማሩ ነርሶች እንደሚሰጡ ነገረችኝ። ልቤ ተመለሰ።

አፏን አስከፍቶ አየ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ እንዳላት ጠየቀ፣ አንገቷን ቀና አስደረጋት። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ቁጭ አለና «እማማ፣ ጫት ይቅማሉ?» አላት። እማዬ ዝም አለች። እኔ ቀደም ብዬ «ኧረ አትቅምም!» አልኩ፣ አፍሬ። «እህቴ፣ እስቲ ለትንሽ ጊዜ ውጪ ጠብቂን» አለኝ።

ስመለስ እጇን ይዞ በኦሮምኛ ያወራታል። ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ እንደምትቅም ነግራዋለች። ጫት ግፊትና የልብ ምት እንደሚጨምር፣ ከማደንዘዣው ጋርም ጥሩ እንዳልሆነ አስረድቶ እስከ ቀጠሮዋ እንድትተወው ለመናት። አልተቆጣትም፣ አላሳፈራትም። «እማማ፣ እውነቱን ሲነግሩኝ ነው በደንብ የምጠብቅዎት» አላት። ይህቺን ቃል እስከዛሬ ትደጋግማታለች። እንዴት መጾም እንዳለባት፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምን እንደማትቀምስ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲመልሰን ይሄንን የጠየቀን አልነበረም እኮ!

በቀኑ አንገቷ ስላሳሰበው የማደንዘዣ ስፔሻሊስቷን ሐኪም ጠርቶ አብረው ገቡ። ውስጥ ምን እንዳደረጉ አላውቅም፣ ቢነግሩኝም አይገባኝም። እኔ ኮሪደሩ ላይ መስገጃ አንጥፌ ነበርኩ። ከሰዓታት በኋላ የማገገሚያ ክፍሉ በር ሲከፈት የሱን ድምፅ ሰማሁ፦ «እማማ፣ ስምዎን ይንገሩኝ።» ዝምታ። «እማማ፣ ስምዎን።» ከዚያ እማዬ በሻካራ ድምፅ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጠራች። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ድምፅዋ እንዳልተነካ ለማወቅ እንደሚያናግሯት በኋላ ነው የሰማሁት። አጠገቧ የነበረችው ነርስ ደግሞ ወደ ዋርድ እስክትወጣ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሳችም። ለሷም ዱዓ አለኝ።

በጅማና በዙሪያዋ ቀዶ ጥገና ፈርታችሁ የተቀመጣችሁ፣ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትንከራተቱ፣ እባካችሁ ሂዱ። ማደንዘዣ የሚሰጣችሁን ሰው አናግሩት፤ ጫቱንም፣ መድኃኒቱንም፣ የባህል መድኃኒቱንም አትደብቁት። እንደኔ አፍራችሁ በእናታችሁ ፋንታ አትመልሱ።

ስሙን ልጽፍ ብጠይቀው «የሠራነው ብዙ ሆነን ነው» ብሎ ከለከለኝ። እማዬ ግን ከአጋሮ ያስመጣችውን ቡና ትናንት በራሷ እጅ ለቅማ አስቀምጣለታለች። ማክሰኞ ቀጠሮ አለን፣ ይዘንለት እንሄዳለን።