ሳጥኑ መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋል? የአንድ አይፒኤስ የአስር ወር ትዝብት

ማክሰኞ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ብርቅ አይደለም። ጀነሬተሩ ወዲያው ተነሳ፣ ኮምፒውተሮቹም ዩፒኤስ ላይ ስለነበሩ ማንም ልብ አላለም። ኢንተርኔቱ ግን ቀጥ አለ። ወደ ሰርቨር ክፍል ሮጬ ስገባ ራውተሩ ይሠራል፣ ስዊቹ ይሠራል፣ መሃል የተቀመጠው አዲሱ አይፒኤስ (በኔትወርክ የሚመጣ ጥቃት ለይቶ የሚያግድ ሳጥን) ብቻ ብርቱካናማ መብራቱን እያርገበገበ ከዜሮ ይነሳል። ለካ ከዩፒኤሱ የመጣው ገመድ ላልቶ ነበር። ለመነሳት ስምንት ደቂቃ ፈጀበት። ስምንቱንም ደቂቃ የሂሳብ ክፍልን ስልክ ሳላነሳ ቆሜ አየሁት።

ሳጥኑን ከገዛን አስር ወር ሆኖናል። ስሙን አልጠራም፤ ከምነግራችሁ ችግር አብዛኛው የዚህ ሞዴል ብቻ ሳይሆን የዚህ ዕቃ ዘር ሁሉ ጠባይ ነው።

አይፒኤስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፣ የሕንፃ በር ላይ የሚፈትሹትን ሰዎች ያስብ። ተራ ፋየርዎል ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ ብሎ የሚያሳልፍ ዘበኛ ነው። አይፒኤስ ቦርሳ ከፍቶ የሚበረብረው ፈታሽ ነው። አይዲኤስ የሚባለው ዘመዱ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለ ካሜራ፤ ሌባውን ያያል፣ ይመዘግባል፣ አይዝም። ፈታሹ በር ላይ ስለቆመ ሁሉም በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ነው። ሰው ሲበዛ ስንቱን መፈተሽ ይችላል? ራሱን ስቶ ቢወድቅስ በሩ ክፍት ይቀራል ወይስ ይዘጋል?

ከፍጥነቱ ልጀምር። ወረቀቱ ላይ በደማቁ የተጻፈው በሰከንድ 10 ጊጋቢት ነው። ከሥሩ አነስ ብሎ፣ አይፒኤስ ሲበራ 2.5 ጊጋቢት። ከዚያ ኮከብ ምልክት ተደርጎባት፣ የተቆለፈ (ኢንክሪፕት የተደረገ) ትራፊክ እየፈታ ሲያይ 800 ሜጋቢት። እኛ ጋ በእኛው ትራፊክና በእኛው ሩል (ምን ይለፍ፣ ምን ይታገድ የሚለው ደንብ) ስንለካው አይፒኤስ በርቶ 1.4 ጊጋቢት ገደማ ሰጠን፣ መፍታቱን ስናበራው 400 ሜጋቢትም አልሞላ።

ሻጩ ዋሸ ማለት አይደለም። ደማቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው 1518 ባይት በሆነ ትልልቅ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) ነው። 1 ጊጋቢት መስመር በዚህ መጠን ሲሞላ በሰከንድ 81 ሺህ ያህል ፓኬት ይይዛል፤ በ64 ባይት ትንንሽ ፓኬት ሲሞላ ግን 1.488 ሚሊዮን ይሆናል። ሳጥኑን የሚያደክመው ደግሞ የጭነቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የፓኬቱም ብዛት ነው። የኢንተርኔት ስልክና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረው) ፓኬታቸው ትንንሽ ነው። ስለዚህ ሻጩን በምን ዓይነት ትራፊክ ነው የለካችሁት በሉት። አርኤፍሲ 2544 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደረጃና መመሪያ ሰነድ ነው) ካላችሁ እሱ እ.ኤ.አ. ከ1999 የመጣ የራውተርና የስዊች መለኪያ ነው። ለደኅንነት ዕቃ የወጣው አርኤፍሲ 9411 ነው፣ የ2023። ድሮ ቢያንስ ኤንኤስኤስ ላብስ የሚባል ገለልተኛ ፈታኝ ነበር፣ እሱም በ2020 ተዘጋ።

ከሁሉ ያበሸቀኝ የሌሊቱ ባክአፕ ነው። ስምንት ኮር (የፕሮሰሰር ክፍል) ያለው ሳጥን ባክአፕ ሲጀመር ይንተፋተፋል። አንድ ሌሊት ገብቼ ሳየው አንዱ ኮር መቶ ፐርሰንት ላይ ተሰቅሏል፣ ሰባቱ ተኝተዋል! ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ግንኙነት ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ በአንድ ኮር ብቻ ነው የሚታየው፤ ባክአፑ ደግሞ ከአንድ ሰርቨር ወደ አንድ ሰርቨር የሚሄድ አንድ ወፍራም ግንኙነት ነው። መፍትሔው ያንን ትራፊክ ሳይፈተሽ እንዲያልፍ ማድረግ ሆነ። ሌላ ምርጫ አልነበረም።

የተቆለፈውን ትራፊክ በተመለከተ፣ ብዙም አትድከሙ። የሠራተኛውን ሁሉ ለመፍታት እያንዳንዱ ማሽን ላይ ሰርተፊኬት መጫን አለባችሁ፣ የባንክ አፖች ደግሞ እንቢ ይላሉ። እኛ ከውጭ ወደ ራሳችን ዌብ ሰርቨር የሚመጣውን ብቻ እየፈታን እናያለን።

የመጀመሪያ ሳምንት ስህተቱ የእኔ ነበር። ጓጉቼ ሩሉን በሙሉ አግድ ላይ አደረግኩት። የደሞዝ ቀን ደረሰና ገንዘብ ያዧ ወደ ባንክ የምትልከው ፋይል አልሄድ አለ። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስት ጊዜ ተቆረጠባት። ሎጉን ስከፍት ሳጥኑ የደሞዝ ፋይሉን እንደ ጥቃት ቆጥሮታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። እሷ እስካሁን "ያ ሌባ ሳጥንህ" ነው የምትለኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲሰጥ አድርጋችሁ፣ የማታ የማታ ሎግ እያነበባችሁ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ማገድ ግቡ።

ያም ሆኖ ዋናውን ሥራውን ይሠራል። የድሮ ዊንዶውስ የሚነዳው አንድ ማሽን አለን፣ አፕዴት ቢደረግ ሥራ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የገባበት፣ ያ ፖርት 445 (ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራበት የኔትወርክ በር) ላይ ያለው ቀዳዳ እዚያ ማሽን ላይ ዛሬም ክፍት ነው። መድኃኒቱ ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቶ ነበር፣ ግን እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ምን ያድርግ? ከሙከራ ላፕቶፕ ያንኑ ጥቃት ስልክበት ሳጥኑ ወዲያው ቆረጠው። ለዚህ ብቻ ብከፍልም አይቆጨኝም።

ወደ መብራቱ ልመለስ። ከእነዚህ ሳጥኖች ብዙዎቹ ባይፓስ የሚባል ነገር አላቸው። ኃይል ሲቋረጥ ውስጡ ያለ ሪሌይ (በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሁለቱን ፖርቶች፣ ማለትም የገመድ መሰኪያዎች፣ በቀጥታ ያገናኛቸዋል፣ ኔትወርኩ ሳይፈተሽም ቢሆን ይቀጥላል። የኛም አለው። ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፖርቶች ላይ ብቻ ነው፣ የገጠሙልን ልጆች ደግሞ አምስትና ስድስት ላይ ሰክተውታል። ወረቀቱን ያነበበ የለም፣ እኔም ጭምር። ገመዱን ካዛወርኩ በኋላ ሶኬቱን ነቅዬ ስሞክረው ሁለት ፒንግ (መስመሩ መሥራቱን ለማየት የሚላክ አጭር መልእክት) ብቻ ጠፋ። እርግጥ ባይፓስ ማለት ፈታሹ ሲወድቅ በሩ ወለል ብሎ ይቀራል ማለት ነው። ለእኛ ይሻላል። ባንክ ብሆን ግን በሩ ይዘጋ እል ነበር።

ላይሰንሱ ሌላ ጣጣ ነው። በየዓመቱ በዶላር ይታደሳል፤ ካልታደሰ ሳጥኑ ይሠራል፣ አዲስ ሲግኔቸር (ጥቃቱን የሚለይበት ምልክት) ግን አያገኝም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ለውጥ ሲመጣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ እንዳለፈ ታስታውሳላችሁ። በጀት ስትይዙ የዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሦስት ዓመት ላይሰንሱን አብራችሁ ደምሩ።

በነፃ አይገኝም ወይ ለምትሉ፣ ሱሪካታ የሚባል የአይፒኤስ ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለ ክፍት ሶፍትዌር ነው፣ ሥራውን ለብዙ ኮር ያከፋፍላል። አሮጌ ሰርቨር ላይ ጭኜው ከተገዛው ሳጥን ብዙም አላነሰም። ግን ሰው ይፈልጋል። እኔ ዓመት ፈቃድ ብወጣ ማን ያየዋል? ለዚያ ነው የገዛነው።

ከአስር ስድስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ለቅርንጫፉ ሁለተኛ ልንገዛ ስንል ለሁለት ሳምንት በውሰት አምጡልኝ አልኩ። መጡ፣ ገጠሙ፣ ስላይዱን ከፈቱ። ልጁ 10 ጊጋቢቱን እያብራራ ሳለ ዘወር ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩት። "ኧረ ተው ወንድሜ!" ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ሁለት ፒንግ ጠፋ። ፈረምኩ።