አራት ኪሎ ያገኘሁት የጃቫ ፕሮግራም ጥገና አገልግሎት

አራት ኪሎ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የሶፍትዌር ችግር የሚፈቱ ሁለት ባለሙያዎች ይሠራሉ። የደንበኞችን ዝርዝር ከኤክስኤምኤል ፋይል (መረጃን «ታግ» በሚባሉ የመክፈቻና የመዝጊያ ምልክቶች መካከል ከሚያስቀምጥ የጽሑፍ ፋይል) እያነበበ ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባው፣ ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራሜ ሳምንት ሙሉ እምቢ ሲለኝ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ።

ያስቸገረኝ «ኮንተንት ኢዝ ኖት አላውድ ኢን ፕሮሎግ» (በሰነዱ መግቢያ ላይ ያልተፈቀደ ነገር አለ) የሚለው የስሕተት መልእክት ነበር። ከሁለቱ አንዷ ባለሙያ ኮዱን ከማየታቸው በፊት ፋይሉን በሄክስ (እያንዳንዱን ባይት በቁጥር በሚያሳይ መልክ) ከፍተው፣ ከመጀመሪያው ምልክት ቀድመው የተቀመጡ፣ በዓይን የማይታዩ 3 ባይቶችን አሳዩኝ። ፋይሉን ራሴ ወደ ጽሑፍ መለወጤን ትቼ ኢንፑትስትሪሙን (ጥሬውን የባይት ፍሰት) በቀጥታ ለፓርሰሩ፣ ማለትም ኤክስኤምኤሉን ለሚያነበው የፕሮግራም ክፍል፣ ስሰጥ እነዚያን ባይቶች ራሱ ስለሚያልፋቸው ስሕተቱ ጠፋ።

አገልግሎቱን ከልብ እንዳመሰግን ያደረገኝ ግን ልብ ያላልኩት ሌላ ችግር ነው። ባለሙያዋ ውጤቱን ከፋይሉ ጋር መስመር በመስመር ሲያመሳክሩ፣ «ወልደገብርኤል» የተባለ ደንበኛ በዳታቤዙ ውስጥ «ብርኤል» ሆኖ ተገኘ፤ ፕሮግራሙም አንዳች ስሕተት አላሳየም። ፋይሉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ያገኘውን በየተራ በሚያስታውቀው የሳክስ አሠራር፣ ፓርሰሩ የአንድን ኤለመንት (ከመክፈቻ ታግ እስከ መዝጊያ ታግ ያለውን ክፍል) ጽሑፍ ባንዴ የመስጠት ግዴታ ስለሌለበት፣ ጊዜያዊ ቋቱ ቃሉ መሃል ላይ ሲያልቅ ጽሑፉን የሚቀበለውን «ካራክተርስ» የተባለ ሜተድ (የኮድ ክፍል) ሁለት ጊዜ ሊጠራው ይችላል፤ የእኔ ኮድ ደግሞ በየጥሪው የፊተኛውን እየደመሰሰ የኋለኛውን ብቻ ይይዝ ነበር። አሁን ቁርጥራጩን በስትሪንግቢልደር (ጽሑፍ እየቀጣጠለ በሚይዝ የጃቫ መሣሪያ) አጠራቅሜ የማነበው ኤለመንቱ ሲዘጋ ነው። የሰው ስም በመዝገብ ተጎርዶ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለጉዳዩ ከመታወቂያህ ጋር አይገጥምም ተብሎ ከመስኮት ይመለሳል።

የታግ ስሞችን በአማርኛ መጻፍ እችል እንደሆነም ጠይቄአቸው ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስኤምኤል 1.0 የፈቀዳቸው የስም ፊደላት በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በቁጥር በሚመዘግበው መለኪያ) 2.0 የነበሩት ብቻ ሲሆኑ፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሕጉ ቢላላም ከጃቫ ጋር የሚመጣው ፓርሰር የቀድሞውን ስለሚከተል፣ የአማርኛ ታግ የሚፈልግ ሰው በፋይሉ አናት ላይ የኤክስኤምኤሉን ስሪት 1.1 ብሎ ማወጅ ይኖርበታል። በታጎቹ መካከል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ግን በሁለቱም ያለ ችግር ይነበባል።

የጎደለባቸው የጽሑፍ ሪፖርት አለመስጠታቸው ነው፤ ማብራሪያውን ሁሉ በማስታወሻዬ የያዝኩት ራሴ ነኝ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በኤዲተር ከፍቶ ያስቀመጠውን ቅጂ ሳይሆን እንደደረሰው ያለውን ዋናውን ፋይል ይዞ ይሂድ፤ መጀመሪያ የሚመረምሩት እሱን ነውና።