ልጁን ብቻ ስፖርት ቤት መላክ ወይስ ቤተሰቡ አብሮ መለወጥ?

የልጅ ክብደት ከልክ ሲያልፍ ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ ያለ ወላጅ መጀመሪያ የሚያስበው ልጁን ስፖርት ቤት ማስመዝገብ ነው። ሌላው መንገድ መላው ቤተሰብ አመጋገቡንና እንቅስቃሴውን አብሮ መቀየሩ ነው።

ወጪ፦ ስፖርት ቤት ወርሃዊ ክፍያና ትራንስፖርት አለው። በቤተሰቡ መንገድ ለስላሳን በውሃ መተካት እንዲያውም ገንዘብ ያተርፋል፤ መንገዶች ለመኪና በሚዘጉበት እሁድ መስቀል አደባባይ መሮጥም በነፃ ነው። የሚከፈለው የወላጅ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ቤተሰብን ያሳተፈ የባለሙያ ክትትል ይመክራል።

ቅለት፦ ማስመዝገብ ይቀላል። ቤት ውስጥ ግን አባት ማታ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት፣ አያትም «ጉረስ የኔ ልጅ» ማለታቸውን መቀነስ ይኖርባቸዋል። ከባድ ነው። ሆኖም የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ለአንድ ልጅ ብቻ ሌላ ሳህን ማቅረብ ከገበታው ማግለል ይሆናል። ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው።

ስጋት፦ ብቻውን የተላከ ልጅ እንደተቀጣ ሊሰማው ይችላል። የቤተሰቡ መንገድ ደግሞ ወላጆች ካልተስማሙ ይፈርሳል። በሁለቱም ማስራብ አይገባም፤ ለብዙ ልጆች ግቡ ቁመታቸው ሲጨምር ክብደታቸው ባለበት እንዲቆይ ነው።

ልጁ ትንሽ ከሆነና የሚበላውን ወላጅ የሚወስንለት ከሆነ የቤተሰቡ መንገድ ይሻላል። ኳስ ወይም ቴኳንዶ ለሚወድ ጎረምሳ፣ በተለይ ወላጆቹ አምሽተው ለሚገቡ፣ ስፖርት ቤቱ ጥሩ መነሻ ነው። ሌሊት በኃይል የሚያንኮራፋ ወይም ውሃ ጥምና ሽንት የበዛበት ልጅ ግን ቅድሚያ ሐኪም ይየው።